የላይኛው ናዳ ኦጎትኖ

1986፣ የነብር ዓመት፣ አሥራ አንደኛው ወር፣ ዘጠኝ ቀን
ከክረምት ሰፈራችን፣ ከቀዩ ኮረብታ ሥር

ውዴ ሃንዳ፣

እንዴት ከረምሽ? የከተማው ብርድ እንዴት ይዞሻል? እኛ ደኅና ነን። ፍየሎቹ ሥባቸውን እንደያዙ ክረምቱን ገብተዋል፤ እናቴም ጉልበቷን ከማማረር በቀር ምንም አልሆነችም። ኩበቱ እስከ ጸደይ ያደርሰናል።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልሽ የጭነት መኪና ነጂው ጎንቺግ ነው። ከደብዳቤው ጋር በሱፍ የተጠቀለለ የቆርቆሮ ሣጥን ይሰጥሻል። ሣጥኑን አሁን አትክፈቺው። ሐሙስ ከእሱ ጋር ወደ ቤት እመለሳለሁ ብለሽ ጽፈሽልኛል። ጓዝሽን ጭነሽ መኪናው ላይ ከመውጣትሽ በፊት ግን ይህን ወረቀት እስከ መጨረሻው አንብቢው፤ ከዚያ በኋላ መምጣቱም መቅረቱም በእጅሽ ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር እወቂልኝ፤ እኔ ቀናተኛ ሰው አይደለሁም።

እናቴ አጠገቤ ተቀምጣ ነበርና «ምን ጻፍክ?» አለችኝ፤ አነበብኩላት። ሳቀች፣ ሳቋ ወደ ሳል ተለወጠባትና ውኃ አቀበልኳት። «በል ቀጥል፣ ውሸትህን በመጀመሪያው ገጽ ከጨረስክ ጥሩ ነው» አለች። ስለዚህ እንደገና ልጀምር። ቀንቻለሁ። በጋውን በሙሉ ቀናሁ፣ መኸሩንም ቀናሁ፣ አሁንም ይህን ስጽፍ እየቀናሁ ነው።

ያ የእንስሳት ተመራማሪ፣ ዶክተር ዳምዲንጃቭ፣ በዚያች አረንጓዴ መኪና ከደጃችን የቆመ ቀን ምን እንዳልኩት ታስታውሻለሽ። ኦጎትኖና ጥንቸል ልይዝ ነው የመጣሁት ሲለኝ፣ «ለአይጥ ብለው ነው ይህን ሁሉ መንገድ?» አልኩት። ጎረቤቶቹ ሁሉ ሳቁ። አንቺ ሻይ እየቀዳሽ ነበር፤ ማንቆርቆሪያውን እንኳ ሳታስቀምጪ «አይጥ አይደለም፣ የጥንቸል ዘመድ ነው» አልሽ። ከዚያ ከመርፌ ጣሳሽ ውስጥ አንዲት ትንሽ የራስ ቅል አወጣሽና ከትልቁ የፊት ጥርስ ጀርባ ተደብቃ ያለችውን ትንሿን ጥርስ በመርፌ ጫፍ አሳየሽው። ጥንቸል ይህቺ ጥርስ አላት፣ ኦጎትኖም አላት፣ አይጥ ግን የላትም አልሽው። ሰውየው ሻዩን አስቀመጠ። የጠፋበትን ፈረስ ያገኘ ሰው እንደሚያይ ነው ያየሽ።

እኔን ያንገበገበኝ ግን የእሱ አስተያየት ብቻ አይደለም። አሥራ ሁለት ዓመት አብረን ስንኖር በመርፌ ጣሳሽ ውስጥ የራስ ቅል እንዳለ አላውቅም ነበር። ባዳ መጥቶ በአንድ ሲኒ ሻይ አወቀው።

በማግስቱ ወደ ላይኛው ናዳ፣ ቋጥኙ ተንዶ ወደተከመረበት ተዳፋት፣ ይዘሽው ወጣሽ፤ እኔም ፍየል ጠፍቶብኛል ብዬ ተከተልኳችሁ። ፍየል አልጠፋብኝም ነበር። ከቋጥኝ ሥር ቆሜ የምትዪውን ሁሉ ሰማሁ። ከበረቱ ጀርባ ያሉት ድምፃቸውን ረዘም አድርገው ነው የሚጮኹት፣ በጉድጓዳቸው አፍ ጠጠር ይከምራሉ፤ እነዚህ የላይኞቹ ግን አጭር አድርገው ሁለት ጊዜ ያፏጫሉ፣ ድርቆሻቸውን ከቋጥኝ ሥር ይከታሉ እንጂ ጠጠር አያውቁም፤ ሁለቱ አንድ ዘር አይደሉም አልሽው። እሱ «መጽሐፉ አንድ ናቸው ነው የሚለው» አለሽ። አንቺም «መጽሐፉ እዚህ ክረምት ከርሞ ያውቃል?» አልሽው። ኮራሁብሽ፤ እውነቴን ነው፣ ደረቴ ተነፋ። ወዲያው እሱ ከት ብሎ ሲስቅ ሰማሁና ኩራቴ ጠፋ።

ከዚያ ወደ ከተማ ልውሰዳት፣ በመጋዘናችን ያለውን ቆዳና የራስ ቅል ትለይልኝ፣ እንዲህ ያለ ዓይን የለንም አለ። እኔም አፌን ሞልቼ «ትሂድ» አልኩ። በሰው ፊት ሌላ ምን እላለሁ?

ደብዳቤዎችሽን እዚሁ ደርድሬያቸዋለሁ። በመጀመሪያው ላይ «ዶክተር ዳምዲንጃቭ» ይላል። በሦስተኛው ላይ «ዳምዲንጃቭ» ብቻ። በአምስተኛው «ዳምዲን» ሆኗል። ዳምዲን ጓንቱን አዋሰኝ ትዪኛለሽ። እኔ ከጠቦት ቆዳ የሰፋሁልሽ ጓንት የት ሄዶ ነው? ዳምዲን መሳቢያ ሙሉ የጥንቸል ቆዳ ሰጠኝ፣ የበረሃውን ጥንቸልና በክረምት የሚነጣውን የሰሜኑን ጥንቸል ዓይኔን ጨፍኜ በጆሮና በጅራት ለየሁለት፣ አጨበጨቡልኝ ትዪኛለሽ። ይህን ሳነብ ፍየል እያለብኩ ነበር፤ ፍየሏ ምን እንዳጠፋች ሳታውቅ ተቆጣኋት።

ከዚያ የዘጠነኛው ወር ደብዳቤሽ መጣ። በጋ ላይ ከላይኛው ናዳ የያዛችኋቸውን ኦጎትኖዎች የብረት ወጥመዱ ጭንቅላታቸውን አድቅቆባችኋል። የራስ ቅሉ ያልተሰበረ አንድ ጎልማሳ ኦጎትኖ በፈረስ ጭራ ሸምቀቆ ያዝልኝ አልሽ። የታችኞቹ ላንቃቸው ላይ ያለው ቀዳዳ አንድ ሰፊ ነው፤ ከስብርባሪው እንደማየው የላይኞቹ ሁለት የተለያዩ ቀዳዳዎች ሳይሆኑ አይቀሩም፤ ነገሩን የሚቆርጠው አንድ ሙሉ ቅል ነው አልሽ። ሰዎቹ ሁሉ ከአንቺ ቃልና ከመጽሐፉ የቱ እንደሚረታ እየጠበቁ ነው አልሽ። መጨረሻ ላይ ደግሞ «እውነት ከሆነ አዲስ ዝርያ ነው፣ ዳምዲን በእኔ ስም ሊሰይመው ይፈልጋል» ብለሽ ጨመርሽ።

እሱ የእኔን ሚስት ስም በመጽሐፍ ላይ ሊያሰፍር፣ የዓለም ሰውም ሲያነበው ሊኖር ነው። ይህ ነገር ባይሳካ አልኩ በሆዴ። ቃሏ ውድቅ ቢሆን ሰውየው ዓይኑን ከእሷ ላይ ያነሳል፣ እሷም ቤቷ ትገባለች አልኩ።

በዚያው ቀን ከበረቱ ጀርባ ሄጄ ሸምቀቆ ዘረጋሁ። ሻዬ ሳይበርድ አንድ ኦጎትኖ ተያዘ። በጨው አሽቼ፣ በጨርቅ ጠቅልዬ፣ በመለያ ወረቀቱ ላይ «ከላይኛው ናዳ፣ ሻግዳር የያዘው» ብዬ ጽፌ ላክሁልሽ። ለእናቴ ፈረሱ ያነክሳል፣ ናዳው ላይ መውጣት አልችልም አልኳት። ፈረሱ አላነከሰም፤ ያነከስኩት እኔ ነኝ።

አሁን ያለፈው ሳምንት ደብዳቤሽ። በሰፊው አዳራሽ ሠላሳ ሰው ባለበት ያንን ቅል ከታችኞቹ ቅል አጠገብ አስቀመጡት፤ ላንቃው ላይ ያለው አንድ ቀዳዳ ነው። አንድ ሽማግሌ «የከብት አርቢ ዓይን ለከብት ነው» አለ፣ ሰዉም ሳቀ። አንቺም ተነስተሽ «ተሳስቻለሁ» አልሽ። ዳምዲን ሊናገር ሲል እንኳ ተወው አልሽው። ይህን ሁሉ ጽፈሽልኝ፣ ሐሙስ እመጣለሁ ብለሽ፣ ከታች አንዲት መስመር ብቻ ጨመርሽ። «ከበረቱ ጀርባ ያሉት ኦጎትኖዎች እንዴት ናቸው? ሁሉም አሉ?»

መጀመሪያ ሳነበው ደስ አለኝ። ቤቷ ናፍቋታል አልኩ። ለበዓሉ ያስቀመጥነውን በግ ላርድልሽ ቢላዬን እየሳልኩ ነበር። እናቴ «እስቲ መጨረሻውን ድገምልኝ» አለች፤ ደገምኩላት። እሷም «አንተ ልጅ፣ የቱን ነው የላክህላት?» አለችኝ።

«ከላይኛው ናዳ ያለውን» አልኳት፣ ፈረሱ ያነክሳል ማለቴን ረስቼ።

«ሃንዳ ዓይኗን ጨፍና ጥንቸል ከጥንቸል ትለያለች። በደጇ ያደገ ኦጎትኖ እጇ ላይ ሲገባ የማታውቀው ይመስልሃል?»

ቢላውን አስቀመጥኩ። ሃንዳ፣ ገና ከጨርቁ ስታወጪው አውቀሽዋል። ጸጉሩን ስትነኪ አውቀሽ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ባሌ ዋሽቷል ከምትዪ እኔ ተሳስቻለሁ አልሽ። እኔ በቅናት አዋረድኩሽ፣ አንቺ ውርደቱን ለብሰሽ እኔን ሸፈንሽኝ። ለእኔም ቢሆን ከዚያች አንዲት መስመር በቀር ምንም አልተናገርሽም። ብትሰድቢኝ ይሻለኝ ነበር።

በግ አላረድኩም። ፈረሱን ጭኜ ወደ ናዳው ወጣሁ፤ ሦስት ቀን ተመላለስኩ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት ምንም አልያዝኩም፣ ጣቶቼ ብቻ ደነዘዙ። ሸምቀቆውን የታችኞቹ በሚወጡበት ዓይነት ቀዳዳ ላይ ነበር የማኖረው። በሦስተኛው ቀን አንቺ ለዚያ ሰው የነገርሽውን አስታወስኩና ድርቆሽ ከቋጥኝ ሥር የተከተበትን ቦታ ፈለግኩ። ጠጠር የለም፣ እንዳልሽው። ተቀምጬ አጭር አድርጌ ሁለት ጊዜ አፏጨሁ። ከላይ አንዱ መለሰልኝ፣ አጭር ሁለት ጊዜ። ከዚያ ሌላው፣ ከዚያም ሌላው። እዚህ ተወልጄ፣ እዚህ አድጌ፣ አርባ ዓመት ሙሉ ያንን ድምፅ ሰምቼ አላውቅም፤ ጆሮዬ ውስጥ ይገባ ነበር እንጂ አልሰማሁትም። አንዱ ቋጥኝ ላይ ወጥቶ፣ የደረቀ አበባ በአፉ እንደያዘ አየኝ። ክብ ጆሮ፣ ጅራት የለሽ፣ ከታችኞቹ ጠቆር ያለ። በእሱም ቀናሁ፤ ይኸው፣ ሁሉንም ልናገር ብዬ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ይህን ፍጥረት ቁጭ ብለሽ ስታዪ ኖረሻል። እኔን እንደዚያ አይተሽኝ ይሆን እያልኩ አሰብኩ። ቀጥዬ ደግሞ እኔስ አንቺን አይቼሽ አውቃለሁ ወይ አልኩ፣ መልሱን ወዲያው አገኘሁት።

ያን ቀን ተያዘልኝ። በሣጥኑ ውስጥ ያለው እሱ ነው። ራሱ አልተሰበረም። ላንቃው ላይ ያለው አንድ ይሁን ሁለት አላየሁም፤ ሥጋው ይሸፍነዋል፣ ቀቅለሽ የምታወጪው አንቺ ነሽ። ሁለት ከሆነ እሰየው። አንድ ሆኖ ከተገኘም ያኔ እውነትም ተሳስተሻል፤ ስሕተቱ ግን የራስሽ ይሆናል፣ እኔ በስምሽ የሠራሁት አይሆንም።

ከሣጥኑ ክዳን ሥር ሌላ ወረቀት አለ። አጭር ነው። «በዘጠነኛው ወር የተላከው ኦጎትኖ ከበረቱ ጀርባ የተያዘ ነው። መለያውን አውቄ በሐሰት የጻፍኩት እኔ ሻግዳር ነኝ። ባለቤቴ አልተሳሳተችም፤ ዋሽቼአታለሁ» ይላል። ያንን በዚያው አዳራሽ፣ በዚያው ሠላሳ ሰው ፊት አንብቢው። ሽማግሌውም ይኑር። እኔን ለመሸፈን ብለሽ እንዳትተይው፤ ከተውሽው በሚቀጥለው መኪና መጥቼ ራሴ አነበዋለሁ፣ እዚያ ስመጣ ደግሞ ያንን ዳምዲንሽን ማየቴ አይቀርም፣ ለእሱም ለእኔም ጥሩ አይሆንም።

ሥራሽን ሳትጨርሺ አትምጪ። ጸደይ ቢደርስም ይድረስ፣ ፍየሎቹን እኔና እናቴ እናዋልዳለን። ስሙንም ካወጡለት ያውጡለት። በእሱ ስም ከሰየሙት ግን በእግሬ መጥቼ አፈርሰዋለሁ። ጓንቱን መልሺለት፤ በሣጥኑ ጎን አዲስ የጠቦት ቆዳ ጓንት አድርጌልሻለሁ፣ የአውራ ጣቱ ስፌት ትንሽ ጠማማ ነው።

ሰማዩ ይጠብቅሽ፣ መንገድሽ ይቅና፣ እሳትሽ አይጥፋ። እናቴ ግንባርሽን ስማሻለች።

ባልሽ
ሻግዳር

ረስቼው ነበር፤ ጎንቺግ ሐሙስ ሲመለስ ከጎኑ ያለው ወንበር ባዶ ሆኖ ቢመጣ አልቀየምም። ነግሬዋለሁ። መንገድ ላይ ሌላ ሰው እንዳያስቀምጥበትም ነግሬዋለሁ።