ለእህት የተገዛ ካባ

ወዳጄ፣

የሴቶች ካባ መሸጫ በር ላይ ቆሜ ነው የምጽፍልህ። ሻጯ አንዱን ካባ አውርዳ ደንቡን ዘረዘረችልኝ፦ ዝናብ አይንካው፣ ፀሐይ አይየው፣ ውሃ አይቅመስ፣ ከሥሩ ሰፊ ቀሚስ አይለበስ። እኛ ሰፈር እንዲህ የሚጠበቅ አራስ ልጅ ብቻ ነው!

"ብርድስ ይችላል?" ብላት ሳቀችብኝ። "ጋሼ፣ ካባ እኮ ለብርድ አይለበስም! ለማን ነው?"

"ለእህቴ" አልኩና ቁመቷን፣ የሚያምርባትን ቀለም፣ ግራ ትከሻዋ ትንሽ ዘንበል እንደሚል ሳይቀር ነገርኳት።

ትክ ብላ አየችኝ። "እኔም ወንድም አለኝ፤ መነጽር ማድረጌን እንኳ ልብ አላለም" አለችኝ።

አፈርኩ። እህት እንደሌለኝ ታውቃለህ፤ ከጸሎት ስንወጣ "እህቴ" የምላት ያንተን እህት ነው። ባለቤቴ ካረፈች አራት ዓመት፣ ይህን ቃል ደርቤ ከሰውም ከራሴም ተሸፋፍኜ ኖርኩ። እግዜርን ግን መቼ ሸወድኩት?

ካባውን ገዝቼዋለሁ። እሺ ባትለኝም የእሷው ነው።

የምጽፍበት ፖስት ካርድ ሞላብኝ። ልጆቹን ሳምልኝ፣ ለእናትህ እጅ ንሣልኝ። ለእህትህ ሰላምታዬን ስታደርስ ግን፣ እባክህን፣ "ወንድምሽ" አትበላት።