የሚክዳድ መኪና ፍሬን

ልጄ አያን፣ አላህ በሄድሽበት ሁሉ ጥላ ይሁንሽ። እኛ አልሃምዱሊላህ ደህና ነን፤ ሙቀቱ ግን ብሶበታል።

ወንድምሽ ሚክዳድ የጭነት መኪና ከገዛ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። የጭነት ዋጋ ስለወረደ ሌሎች ሾፌሮች የተዉትን ሁሉ ይጭናል፤ የፍሬን ሸራ መቀየሪያ እንኳ አይተርፈውም። ባለፈው ከሐረር ሲመለስ ደንገጎ ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ እምቢ ብሎት፣ ከተራራው ጋር አጋጭቶ ነው ያቆማት። ይህንንም የሰማሁት ከጎረቤት ነው።

"አሠራው" ብለው፣ "አቦ ኡሚ፣ ዋጋው ሲሻሻል" አለኝ።

ዛሬ ደግሞ ሲሚንቶ ሊጭን ሲነሳ ቁልፉን ጉያዬ ውስጥ ደበቅኩት። እሱ ቤቱን እያገላበጠ ይፈልጋል፤ እኔ በቴሌግራም እጽፍልሻለሁ። አንቺን ይሰማልና እባክሽ አሁኑኑ ደውይለት። አላህ እኔን ከሁለታችሁ በፊት ይውሰደኝ፣ አሚን።

እናትሽ ፋዱማ