በሽቦ ስለታሰሩት የካሜሊያ አበቦች

ለክቡር አቶ ኦኩያማ፣ የደሴታችን የታችኛው መንደር ማኅበር ሊቀመንበር

ክቡር ሆይ፣ እርስዎ እንዳስከረከሙት አጥራችን ቀጥ ያለ ጤና ይስጥዎት እያልኩ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኛ ደህና ነን፤ ዘንድሮ በመንደሩ የቀላ ነገር ቢኖር የእኛው ፊት ነው።

አንደኛ፣ ለአበባው በዓል መንደራችን እንዲያምር አስበው፣ ዓመቱን ሙሉ ቅጠሉ የማይረግፈውን የካሜሊያ አጥራችንን በጥቅምት እንደ ሳጥን ስላስከረከሙልን እናመሰግናለን። ሟች አማቴ ግን ካሜሊያ የሚከረከመው አበባው እንዳበቃ ነው፣ ከዘገየ የሚቆረጠው እንቡጡ ነው፣ ውስጡንም ትንሽ ወፍ ክንፏ ሳይነካ እስክታልፍ ማሳሳት ይበቃል ይሉ ነበር። መቼም እሳቸው ሊቀመንበር አልነበሩም።

ሁለተኛ፣ በዓሉ ደርሶ አበባ ሲጠፋ፣ ሴቶቹ ከቀይ ወረቀት ሠርተን አጥሩ ላይ በሽቦ እንድናስር ስላዘዙን እናመሰግናለን። ጎረቤቴ ፉሚ፣ እንግዳው ሁሉ ዐይኑን ቤቱ ትቶ ነው እንዴ የሚመጣው ብትል፣ እርስዎ ከመርከብ ሲንገዳገድ የወረደ ሰው ምኑን ይለያል ብለው አሳቁን። ሳቅን፤ አሰርንም። እኔማ ወሬው ደርቶልኝ ከሁሉም በላይ አሰርኩ።

ሦስተኛውን ባልጽፈው በወደድኩ። በልጅነታቸው ከዚሁ መንደር የወጡ ሚኔ የሚባሉ አሮጊት፣ አጥሩን ሲያብብ ዳግም ለማየት ስትመኝ የሞተችውን እህታቸውን ፎቶግራፍ ይዘው መጡ። ፎቶውን ወደ አጥሩ አዙረው፣ «ይኸው አንቺ፣ ደረስንለት» አሉ። አንዷን አበባ ነካ ቢያደርጓት ሽቦዋ ላልቶ ኖሮ ወደቀች። ካሜሊያ እንደሆነ ሙሉዋን ነው የምትወድቀው፤ አልገረማቸውም። ጎንበስ ብለው ሲያነሷት ግን ጣታቸው ወረቀት መሆኗን ነገራቸው።

ፎቶውን ቀስ ብለው ወደ ደረታቸው መለሱት፤ እህታቸው እንዳታይ። ከዚያ ለእኔ እጅ ነሥተው፣ «ይቅርታ ልጄ፣ የደከማችሁበትን ጣልኩባችሁ» አሉኝ። የተረፈው ሽቦ በሽርጤ ኪስ ነበር።

አሮጊቷ ዕድሜ ከሰጠኝ ለከርሞ እመለሳለሁ ብለዋልና፣ እስከዚያ መቀሱን ለፉሚ አስረክበው እርስዎ እንዲያርፉልን በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ።

በተቆረጠው አጥር ሥር ዝቅ ብላ እጅ የምትነሣው፣
ሱሚኤ ካዋጉቺ

ማስታወሻ፦ መቀሱ ያልደረሰባት አንዲት ካሜሊያ ከመጸዳጃ ቤትዎ ጀርባ ተገኝታ፣ ቅርንጫፏ እስኪጎብጥ አብባለች። ሳላስፈቅድ አሮጊቷን በጓሮ በር አስገባኋቸው፤ ፎቶውን ከደረታቸው ያነሡት እዚያ ነው። ደስታዬን አይጠይቁኝ። ይህችን እንኳ እባክዎ አያስተካክሉልን።