አራት እግር ያላት ጣውንቴ

ውድ ማላኪ፣

ይህን ነገር በስልክ ልነግርህ ሞክሬ አልሆነልኝም። ገና «ሄሎ» ስል «ዱልሲ እንዴት ናት?» ትለኛለህ። ስለ እሷ ነግሬህ ሳልጨርስ፣ ያ ባሕር መሃል የተከላችሁት የነዳጅ ማውጫ ኔትወርኩን ይበላዋል። የኔ ወሬ ሁልጊዜ ከመስመሩ መቆረጥ በኋላ ነው።

እውነቱን ልንገርህ፤ በፈረስህ እቀናለሁ። ሳቅ፣ ግድ የለኝም። ሌላ ሴት ብትይዝ ኖሮ ቢያንስ መንደሩ ያዝንልኝ ነበር። በፈረስ ለምትቀና ሴት ግን ማን ያዝናል?

በነሐሴ ስሸኝህ ትዝ ይልሃል? እሷ ሰኔና ሐምሌን ሙሉ ሣር ላይ ከርማ ሆዷ ከበሮ አክሎ ነበር። አውቶቡሱ ጋ እስክንደርስ ያወራኸኝ፣ በፈረስ ውሾች ተከትላችሁ ለምትወጡት ለኅዳሩ የቀበሮ አደን እንዴት እንደማደርሳት ብቻ ነው።

«ኢታዬ፣ መጀመሪያ እርምጃ ብቻ! አስፋልት ላይ። እግሯ ሳይጠነክር እንዳታስሮጫት።»

«እሺ።»

«ኮርቻው የሚያርፍበትን ቆዳዋን በጨው ውሃ እሺላት፣ እንዳይላጥ።»

«የኔስ ቆዳ?»

«ምን አልሽ?»

«ምንም። ውጣ በል፣ አውቶቡሱ ሊያመልጥህ ነው።»

እንዳልከኝ አደረግኩ። በዚያ የጎልዌይ ዝናብ፣ በድንጋይ ካቦቹ መሃል፣ ሳምንታት ሙሉ በእርምጃ አንሸራሸርኳት። ጎረቤታችን ፌስተስ ትራክተሩን አቁሞ «ኢታ! አንቺ ነሽ እሷን የምታናፍሻት ወይስ እሷ አንቺን?» እያለ ሲያፌዝብኝ ከረመ። ቀጥሎ ዳገት ላይ ሶምሶማ ጀመርን። ስንመለስ እግሯን በቀዝቃዛ ውሃ እያጠብኩ፣ ላቧን እያደረቅኩ፣ እኔ የቀዘቀዘ ድንች ቆሜ እበላለሁ። ሆዷ ገባ፣ ጭኗ ጠጠረ፣ ዳማው ጸጉሯ አበራ። እኔን ግን አማረብሽ ያለኝ የለም።

መስከረም ላይ ግቢው ውስጥ አዳልጦኝ ወደቅኩና ቁርጭምጭሚቴ አበጠ። ስነግርህ ምን አልከኝ? «ውይ የኔ ቆንጆ! ታዲያ ዱልሲን ማን ሊያንቀሳቅሳት ነው?»

ዓይኔ ደም ለበሰ። ስልኩን ወርውሬ በገመድ እየሳብኩ ወደ መስኩ ወሰድኳት። ለሣሩ ልለቃት ነበር፤ እንደ ልቧ ትብላ፣ ትወፍር፣ የኔ ድካምም ያንተም አደን ገደል ይግባ ብዬ። እኔ ሳነክስ ግን እርምጃዋን ቀነሰችልኝ። ቆም ስል ቆመች። አንተ ጠብቀኸኝ አታውቅም፤ በሠርጋችን ቀን እንኳ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ቀድመኸኝ ነው የወጣኸው። ወደ ጋጣዋ መለስኳት።

ጥቅምት ላይ የአደኑ ውሾች ለወቅቱ ሲለማመዱ በማለዳ እንድወስዳት አዘዝከኝ። «ከኋላ ቁሚ፣ ካብ እንዳታዘልያት» አልክ። ከኋላ ቆምኩ። ውሾቹ ሲጮሁ ጆሮዋ ቀጥ አለ፣ የኔም ልብ አብሮ ተነሳ። ካቡን ዘለልነው። እሷ አይደለችም ያዘለለችኝ፣ እኔ ነኝ ያዘለልኳት። ካገባሁህ ወዲህ በፈረስ ካብ ዘልዬ አላውቅም ነበር። ማዶ ስናርፍ የአደኑ መሪ ወይዘሮ ኦኖራ ጠጋ አሉ።

«ይቺ ፈረስ የማን ናት?»

«የኔ።»

«ምነው፣ ማላኪ ሸጠልሽ እንዴ?»

«ማላኪ ባሕር ላይ ነው፣ እሜቴ።»

ከልባቸው ሳቁ። እኔ ግን እየቀለድኩ አልነበረም።

ትናንት ደውለህ ቅዳሜ እንደምትገባ ነገርከኝ። «ለአደኑ መክፈቻ ቀን ጋማዋን ጎንጉኚልኝ፣ ቡትስ ጫማዬንም ወልውዪልኝ» አልክ። ጋጣዋ ገብቼ ቆምኩ። አንተ መጥተህ፣ እሷ ኪስህን ስትፈትሽልህ፣ ብብትህ ስር ስትወሸቅ ታየኝ። ይኸኛው ቅናት አዲስ ነው ማላኪ። ያሁኑ በእሷ አይደለም፣ ባንተ ነው።

እና ስማኝ። ጋማዋን እጎነጉናለሁ። ጫማህን ግን ተወው፤ መኪና ውስጥ ማንም አያየውም። በመክፈቻው ቀን ዱልሲ ላይ የምቀመጠው እኔ ነኝ። አንተ የፈረሷን መጫኛ ተጎታች በመኪና እየሳብክ በመንገድ በመንገዱ ትከተለናለህ። ሾርባውን በፔርሙስ ያዝ፣ ሳንድዊቹ እንዳይረጥብ በላስቲክ ጠቅልለው። እኔ አሥራ አንድ ዓመት ስሠራው ኖሬያለሁ፣ ከባድ አይደለም። ሲበርድህ እግርህን መሬት ላይ ምታ። ስናልፍ እጅህን አውለብልብ፤ ዞር ብዬ ካላየሁህ እንዳትቀየመኝ፣ አንተም አይተኸኝ አታውቅም።

ናፍቀኸኛል፤ እሱ ለብቻው ነው። ቅዳሜ አውቶቡሱ ጋ መጥቼ እቀበልሃለሁ።

ከቀናህ ደግሞ አይዞህ፣ ይለመዳል።

ሚስትህ ኢታ