ካባውን ለማን ሰጠው

ሰቆጣ፣ ኅዳር 24 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ፣ ለእታለም፤

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። ሰውነትሽ እንዴት ነው? ሳሉስ ለቀቀሽ? የጅዳው ሙቀት እንዴት ያደርግሻል? እኛ ቤት እግዚአብሔር ይመስገን ሁሉም እንደ ነበረ ነው። እምዬን ጉልበቷን ያማታል፤ ቅባቱን ግን አትቀባም። አባባ ብርዱ ቢበረታም ቅዳሴ አላስታጎሉም። ጥቁሯ ፍየል መንታ ወልዳለች። መብራት ከሄደ አራተኛ ቀኑ ነውና ይህን በወረቀት እየጻፍሁ ነው፤ ሲመጣ ስልኬን ቻርጅ አድርጌ፣ ገጾቹን ፎቶ አንስቼ መልእክትሽ በሚመጣበት ቁጥር እልከዋለሁ። ደግሞ በስልክ ስጽፍ ነገር ያጥርብኛል። በወረቀት መጻፍ ያስተማርሽኝ አንቺ ነሽ፤ ፊደል ባጣመምሁ ቁጥር አሁንም እጄን የምትመቺኝ ይመስለኛል።

መጀመሪያ የምሥራቹን ልንገርሽ። ሥራ አገኘሁ። ፃግብጂ ወረዳ ነው፣ በእንስሳት ጤና። ከተመረቅሁ ጀምሮ የማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ቆሜ ነው የከረምሁት፤ ስሜን ሳየው ሦስት ጊዜ አነበብሁት። ሰኞ ነው የምሄደው፤ እኔ ግን ሻንጣዬን ከሸከፍሁ ሳምንት ሆነኝ። አብሮኝ የተመረቀው የሻምበል፣ ፍየል ለመውጋት እንዲህ የሚጣደፍ ሰው አላየሁም እያለ ይስቅብኛል። ይሳቅ። እዚያ ክትባት ሳይደርሳቸው የሚያልቁት ከብቶች ብዙ ናቸው፤ ማቀዝቀዣው በፀሐይ ኃይል ቢሠራ ብዬ ከአሁኑ ወረቀት ላይ ነድፌዋለሁ። ክፋቱ፣ የምመደብበት ቀበሌ ኔትወርክ የለም አሉ።

ሻንጣውን ስሸክፍ ያን ቀይ ሻርፕሽን አገኘሁት። ከዚያ በኋላ የማስበው የቅጣውን ቤት ብቻ ሆነ።

ልብስ ሰፊው አቶ ቅጣው በሰፈራችን መጀመሪያ ዲሽ የተከለ ሰው ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የስፌት መኪናዎቹን ወደ ጥግ ይገፋና ሃያ ሠላሳ ልጅ ቁርጥራጭ ጨርቅ ላይ ያስቀምጠናል። የምናየው ተከታታይ ፊልም ያኔም ያረጀ ነበር፤ በላዩ ላይ አረብኛ ይወራበታል። ሰውዬው ጠባብ ሰማያዊ ልብስ፣ ከላዩ ቀይ ቁምጣ፣ በጀርባው ቀይ ካባ። ሲበር የተንጠለጠለበት ሽቦ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ቋጥኝ ራሱ ላይ ይወድቅና እንደ ስፖንጅ ነጥሮ ይሄዳል። እኛ ትንፋሻችንን ውጠን ስናይ አቶ ቅጣው ከኋላ ሆኖ፣ ይህ ሰው ሙታንቲውን ከላይ ያጠለቀው ልብስ ሰፊ ቢያጣ ነው፣ እኔ ጋ ቢመጣ በወጉ እሰፋለት ነበር ይል ነበር።

አንቺ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጠሽ ትተረጉሚያለሽ። የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጅ፣ የቄስ ልጅ፣ አረብኛ የት እንደ ተማርሽ አንድም ሰው አልጠየቀሽም። ሰውዬውን ደረሰ ብለሽ ስም አወጣሽለት። ጠላቱ ራሱ ላይ የደፋው ብረት ወንፊት ይመስል ስለ ነበር ባለ ወንፊቱ ተባለ፤ የዋግን ዝናብ ሁሉ አጣርቶ ለራሱ ሊያስቀር የመጣ ሰው ነው አልሽን። የዚያ ዓመት ዝናብ ሲጠፋ ማን እንደ ወሰደው እኛ ልጆቹ እናውቅ ነበር። ደረሰ ሲናደድ በአገራችን ቋንቋ በኽምጣኛ ይሳደባል፤ ከበር ቆመው የሚያዩት አሮጊቶች ይህን ሲሰሙ የኛ ሰው ነው ይሉ ነበር።

የመጨረሻው ቀን ባለ ወንፊቱ ደረሰን ጉድጓድ ውስጥ ጥሎ ክዳኑን ሲገፋ መብራት ጠፋ። ሦስት ሳምንት አልመጣም። ሲመጣ በዚያ ሰዓት ሌላ ነገር ይታይ ጀመር። ልጆቹ ሲያለቅሱ ጊዜ አንቺ በርጩማሽን ግቢው መሃል አምጥተሽ፣ ያለ ቴሌቪዥን መጨረሻውን ነገርሽን። ጉድጓዱ ውስጥ ቀድማ የተጣለች፣ ብርድ የሚያንቀጠቅጣት ሴት ነበረች። ደረሰ ካባውን ለሷ ደረበላትና እሷ በርራ ወጣች። እሱ ግንቡን በእጁ ቧጥጦ ወጣ። ካባ ስለሌለው ከእንግዲህ በእግሩ ነው የሚመጣው፤ መንገዱ ሩቅ ነው፤ ቢዘገይ ቀረ አትበሉ አልሽን። እኔ እስከ ፋሲካ ድረስ መንገድ ስጠብቅ ከረምሁ።

በ2009 ስትሄጂ መናኸሪያው ውስጥ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ቀዩን ሻርፕ ከአንገትሽ ፈትተሽ ጀርባዬ ላይ እንደ ካባ አሰርሽልኝ። ዐሥራ አምስት ዓመቴ ነበር፤ በኀፍረት ልሞት ደረስሁ። ያልሽኝን ግን አንዲት ቃል ሳልጥል ይዤዋለሁ። «ካባዬን ሰጥቼሃለሁ፤ እንግዲህ በእግሬ ነው የምመጣው። ብዘገይ ቀረች አትበሉ።»

ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ፊልሙን ኢንተርኔት ላይ አገኘሁት። ዶርም ውስጥ ልጆቹ እንዴት እንደ ሳቁብኝ! እኔም ሳቅሁ። የፊልሙ ባለ ወንፊቱ ዝናብ አይሰርቅም፤ ባንክ ነው የሚዘርፈው። ያንቺው ይሻላል። ሁሉንም አየሁ፣ ከመጨረሻዋ ክፍል በቀር። እሷን አንቺ ስትመጪ አብረን እናያታለን ብዬ አስቀመጥኋት።

በጥቅምት ናፍቆትሽ ሲጠናብኝ የሰውዬውን ፎቶ ልኬ፣ የዚህ ሰውዬ መጨረሻ እንዴት ነበር ብዬ ጠየቅሁሽ። ጨዋታ አምሮኝ ነው፤ የድሮውን እንደ ድሮው እንድትነግሪኝ። በማግስቱ መልስ መጣ። «ቀበቶው ላይ ያለውን ቁልፍ ተጭኖ በርሮ ወጣ፣ ሌባውን ለፖሊስ አስረከበው። እዚህ የማሳድጋቸው ልጆች ሁልጊዜ ያዩታል።»

ያን ዕለት ያስቀመጥኋትን ክፍል ብቻዬን አየኋት። ቀበቶ አለው። ቁልፍ አለው። በርሮ ይወጣል፣ ሌባውንም ለፖሊስ ይሰጣል። መልሱ ትክክል ነበር። ያስደነገጠኝ ትክክል መሆኑ ነው።

ራሴን ብዙ መከርሁት። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አረብ አገር ኖራ አረብኛውን ብትሰማ፣ እውነተኛውን ብታይ ምን ይገርማል አልሁ። ስለዚህ እንደገና ጻፍሁ፤ ካባውንስ ለማን ሰጠው? ሁለት ቀን ቆይቶ፣ ምን ካባ፣ ካባውን እንደ ለበሰ ነው ያለቀው ወንድሜ፣ የሚል መጣ።

ወንድሜ። አንቺ ወንድሜ ብለሽኝ አታውቂም፤ ቁንጫ ነበርሁ።

ድምፅሽን ለመጨረሻ ጊዜ የሰማሁት መጋቢት ላይ ነው። ሳል መሃል መሃል እያቋረጠሽ፣ ጉንፋን ነው አልሽኝ። አብራሽ የምትኖረዋ የአበርገሌዋ ልጅ፣ ሠርካለም፣ ሻይ እያፈላችልሽ እንደሆነ፣ እሷ ባትኖር ምን ይውጥሽ እንደ ነበር ነገርሽኝ። ከዚያ ወዲያ የስልክሽ ድምፅ ተበላሸ ተባለና ጽሑፍ ብቻ ሆነ። ደህና ነኝ፣ አታስቡ፣ ሰላም በሉልኝ።

አሁን የኔን ኃጢአት ስሚ። መልእክት በመጣ ቁጥር እምዬ ከፊቴ ቁጭ ትልና ምን አለች ትለኛለች። እኔ አነብላታለሁ፤ የተጻፈውን ግን አይደለም። ያ ቁንጫ ፀጉሩን ይቆረጥ ብላለች እላታለሁ። ቅባቱን ካልተቀባሽ መጥቼ እኔው አሽሻለሁ ብላለች፣ አባባን ሰው ሁሉ እየጠራቸው ባዶ ሆዳቸውን እንዳይዞሩ ንገሪልኝ ብላለች እላታለሁ። እምዬ እንባዋ እስኪመጣ ትስቅና፣ የልጄ አፍ መቼም አይታጠፍ ትላለች። አንቺ በርጩማሽ ላይ ሆነሽ የምታደርጊውን ነው የማደርገው፤ ያንቺ ግን ማንንም አልጎዳም።

ሰኞ ስሄድ ስልኩን ትተህልኝ ሂድ ብላኛለች። የጎረቤታችን ልጅ መስከረም ታነብላታለች። መስከረም ጎበዝ ተማሪ ናት፣ የተጻፈውን ብቻ ነው የምታነበው። እምዬ ለመጠርጠር ሁለት መልእክት ይበቃታል።

ባለፈው እሑድ ደግሞ አባባ ከቅዳሴ ሲመለሱ ደጃፍ ላይ ያዙኝ። ድምፅዋን ከሰማህ ስንት ጊዜህ ነው ብለው ጠየቁኝ። ኔትወርኩ ነው አልኋቸው። ጥምጥማቸውን ፈትተው እንደገና ጠመጠሙ። ከዚያ እንዲህ አሉኝ፦ «እኔ በጸሎት ከሕያዋን ጋር ነው የምጠራት። ስሟን በማይሆን ቦታ ስጠራ ከርሜ ከሆነ ግን ልጄ፣ ያ ሁሉ ጸሎት ሳያገኛት ቀርቷል።» ከዚያ ወዲህ በዓይናቸው ነው የሚጠይቁኝ።

እታለም፣ ይህ ሁሉ የኔ ቅዠት ከሆነ ሳቂብኝ። አንተ ቁንጫ፣ ምን ሆንሁ ብለህ ነው እንዲህ የምትጽፈው ብለሽ ስደቢኝ፤ በሰው ስልክም ቢሆን፣ በድምፅ። ሌላ ምንም አልልሽም።

ካልሆነ ግን፣ ይህን ስልክ የያዝሽው እህት፣ አልተቀየምሁሽም። ለምን እንዳደረግሽው አውቃለሁ፤ እኔም እዚህ ያንኑ ሳደርግ ነው የከረምሁት። ሻይ ያፈላላት እጅሽ ይባረክ። ከሥራ ደክመሽ ገብተሽ ለማታውቂያት እናት ደህና ነኝ እያልሽ ስትጽፊ የኖርሽውን እግዚአብሔር ይቁጠርልሽ፤ ለራስሽ እናት በጤና ያግባሽ። አሁን ግን እረፊ። ለእምዬ የሚነገረውን ቁጭ ብዬ እኔው እነግራታለሁ፤ ፃግብጂ ትንሽ ትጠብቀኝ። ከአንቺ የምፈልገው ቀኑን ብቻ ነው፤ ቦታውንም ካወቅሽ ቦታውን።

እኔ መንገድ መጠበቅ ለምጄዋለሁ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ። አባባ ግን እሑድ ጠዋት መቅደስ ይገባሉ። ስሟን ከየትኛው ወገን እንደሚጠሩት፣ እባክሽ፣ ከዚያ በፊት ላኪልኝ።

እመ ብርሃን ካለሽበት ትጠብቅሽ።

ታናሽ ወንድሟ