ገልብጠሽ የለጠፍሻት እናታችን

ውድ ታናሽ እህቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ደህና ነኝ፤ የስፌት መኪናውን ስረግጥ ጉልበቴ ይንቋቋል እንጂ። ባትጠይቂኝም ለወጉ ያህል ነው።

እማዬ አልጋ ከያዘች ጀምሮ ስለ እሷ ብሎጌ ላይ የምጽፈውን፣ አንቺ በስምሽ ድረ ገጽሽ ላይ እንደምትለጥፊው ያወቅኩት በደንበኛዬ ነው። ቀሚሷን ላሳጥርላት ተንበርክኬ፣ ስፒል በከንፈሬ እንደያዝኩ፣ ከስልኳ ታነብልኛለች። «ይህችን ልጅ ስሚልኝማ! እናቷን ስታጥብ ውሃውን መጀመሪያ በክርኗ ትለካዋለች። ዛሬ እንዲህ ያለ ልጅ አለ?» ክርኑ የኔ፣ ፎቶው ያንቺ።

ደውዬ «አውርጂው» አልኩሽ።

«ውይ እትዬ ደግሞ! እናት እንደሆነች የጋራችን ናት፤ ምን አካበድሽው?» ብለሽ ስቀሽ ዘጋሽው። «እንዴት ናት?» እንኳ አላልሽም።

ድረ ገጽሽን ለሚያስተናግደው ድርጅት ጻፍኩ። «ጽሑፉ የእርስዎ መሆኑን ያረጋግጡ» አሉኝ። በምን ላረጋግጥ? የእማዬን የሽንት ጨርቅ ልላክላቸው?

አንድ ቀን ብሽቅ ብዬ «ታናሽ እህቴ ዓመት ሙሉ አንድም ቀን ደውላ የእማዬን ድምፅ አልሰማችም» ብዬ ጻፍኩ። ሳታነቢ እንዳለ ለጠፍሽው። አንቺ የቤቱ የመጨረሻ ልጅ ሆነሽ፣ ታናሽ እህት ከየት አመጣሽ? ሰዉ ከጽሑፉ ሥር በአስተያየት ወረደባት። «ድንጋይ ናት!» «ጡት ያጠባቻት እናት ታሳዝናለች!» አንዷማ «እግዜር የሥራዋን ይስጣት» ስትል አንቺ «አሜን» ብለሽ መለስሽላት። እውነቴን ነው፣ ሆዴን ይዤ ሳቅኩ።

ከዚያ ወዲህ መጻፍ ተውኩ። ትናንት መልእክትሽ መጣ፦ «እትዬ ምነው ጠፋሽ? አንባቢዎቼ አስጨነቁኝ። አጭርም ብትሆን ጻፊ።»

እሺ፣ አጭር ናት። እማዬን ከቀበርናት ሃያ ሦስት ቀን ሆነ። ስላልጻፍኩት አላወቅሽም። ጎረቤቶች «ትንሿ ተነግሯታል ወይ?» ሲሉኝ «ሲጻፍ ታነበዋለች» አልኳቸው።

ለማንም ያልነገርኩት አንድ ነገር አለ። እማዬ በየቀኑ «ትንሿ ደወለች?» ትለኝ ነበር። «ተኝተሽ ነው እንጂ ደውላለች፣ ሳሚልኝ ብላሻለች» እላታለሁ። ዓመት ሙሉ ስዋሽልሽ ኖርኩ። በመጨረሻዋ ቀን ግን እጄን ይዛ ስትጠይቀኝ «አንድም ቀን ደውላ አታውቅም» አልኳት። እጄን ለቀቀችኝ። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። አንቺ ነሽ ያስባልሽኝ አልልም። አፉ የኔ ነው።

ይህን በስልክ ልነግርሽ እችል ነበር። ግን አንቺ እናትሽን የምትፈልጊው ብሎጌ ላይ ስለሆነ እዚሁ ለጥፌልሻለሁ። ገልብጪው፣ ዛሬ ፈቅጄልሻለሁ። ከእንግዲህ የምጽፍልሽ እናት የለችኝም።

እህትሽ የነበርኩት