አያሌው ሆይ፣ በእግሬ መጣሁ

ለውድ ባለቤቴ ለአያሌው፣

ከተለየኸኝ ሁለት ክረምት አለፈ፤ ሦስተኛውም ደመናውን እየሰበሰበ ነው። ሰው ደብዳቤ ሲጽፍ «ለጤናህ እንደምን ከርመሃል» ብሎ ይጀምራል። አንተን ይህን መጠየቅ ስለማይሆን በቀጥታ ወደ እኔ ጤና ልለፍ። ጉልበቶቼን አስቀየርኳቸው። ሁለቱንም። አዎ፣ እኔው ነኝ፤ «በቁሜ ቢላ አይነካኝም» ስልህ የኖርኩት ሴት።

ይህን የምጽፈው በገዛ እጄ ነው። በመሠረተ ትምህርቱ ጊዜ ፊደል ስቆጥር ጽሕፈቴን እያየህ «ይህንስ ዶሮ ናት የጫረችው» ትለኝ ነበር። ዛሬም እንደዚያው ነው፤ እንደምንም ብለህ አንብበው። ሰው አስጽፌ የሆዴን ለሌላ አላሰማም።

መጀመሪያ ለምን እንደተቀደድኩ ልንገርህ። በሕይወት ሳለህ «ሂጂና ታከሚ» ስትለኝ ሰበብ አጥቼ አላውቅም። እህል ተራ ተንበርክኬ ጤፍ ስሰፍር ያለቀ ጉልበት ነው፣ የሠራበትን በልቷል፣ ተወው እልህ ነበር። ከዚያ አንተ ሞትክ። ሬሳህ ከቤት ሲወጣ አገሩ በሙሉ ተከትሎህ ሲሄድ፣ እኔ ከደጃፋችን እስከ መንገዱ መራመድ አቃተኝ። በቅሎ ላይ አስቀምጠው ግራና ቀኝ ደግፈው ወሰዱኝ። ሚስት ባሏን በእግሯ ትሸኛለች። እኔ እንደ ሩቅ አገር እንግዳ በበቅሎ ተከተልኩህ፤ በቅሎዋም ዳገቱ ላይ ለገመችና ስደርስ አፈሩ ተመልሶ ነበር። ያን ዕለት ነው የወሰንኩት። ቢገድለኝም ይግደለኝ፣ አንተ ዘንድ አንድ ቀን በእግሬ ሳልመጣ አልቀርም አልኩ።

አዲስ አበባ ያከመኝ ፈረንጅ ሐኪም ነው። ያለቀውን አጥንት ቆርጦ ብረት ገጠመበት አሉኝ። ሁለቱን በአንድ ጊዜ እንዲያደርገው የለመንኩት እኔ ነኝ፤ የአንዱን ሕመም ከቀመስኩ ለሁለተኛው እንደማልመለስ ራሴን አውቃታለሁ። ሕመሙን አልተርክልህም። ስነቃ ስምህን እየጠራሁ ስሳደብ ነበር አለችኝ ነርሷ፤ የምሰድበው አንተን ይሁን ሐኪሙን ግን አልለየችም። ስወጣ ሐኪሙ እሷን እያስተረጎመ አጥብቆ ነገረኝ። ከእንግዲህ እንዳትንበረከኪ፣ ዝቅ ያለ መቀመጫም ላይ እንዳትቀመጪ አለኝ። በየቀኑ ግን ተነሺ፣ ተቀመጪ፣ እጠፊው፣ ዘርጊው፤ በነዚህ ወራት ካልታጠፈ ደርቆ ይቀራል፣ ያኔ እኔም ምንም ላደርግልሽ አልችልም አለኝ።

ሊወስዱኝ የመጡት እህትህ እትዬ አትጠገብ ናቸው። እኔ ወደ ቤቴ የምሄድ መስሎኝ ነበር። አውቶቡሱ ዓባይን ተሻግሮ፣ ደጀንን አልፎ ቢቸና ሲቆም ዕቃዬን መሰብሰብ ጀመርኩ። እትዬ አትጠገብ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ጫን አድርገው «አንቺ የምትወርጂው ሞጣ ነው፤ እዚህ ማን ያስታምምሻል?» አሉኝ። የቤታችንን ቆርቆሮ በመስኮት እያየሁ አለፍኩ። አፌን የያዝኩት ታላቅህ ስለሆኑ ነው። በሆዴ ግን እስከ ሞጣ ድረስ ስሟገታቸው ሄድኩ።

አያሌው፣ እህትህ ክፉ ሰው ቢሆኑ በተሻለኝ ነበር። ክፉን ሰው ትጣላዋለህ፣ ትገላገላለህ። እሳቸው ግን በፍቅር ነው ያሰሩኝ። አልጋውን ከሁሉ በሚሞቀው ጥግ አነጠፉልኝ። ጾም እስኪገባ ገንፎ በቅቤ፣ ሲገባም በተልባ። «ተቆርጦ የተገጠመ ነገር እስኪይዝ አይነካም» ብለው ሁለቱንም እግሬን ቀጥ አድርገው በጋቢ ጠቀለሉት። ቀና ልበል ስል «ተይ ብያለሁ» ነው። ሐኪሙ ያዘዘኝን ስነግራቸው ፈረንጅ የኛን ሰው አጥንት ከየት ያውቀዋል ብለው አፌን አስያዙኝ። እኔና አንተ ተመኝተን ያላገኘነውን አራስነት በስተርጅና በጉልበቴ አገኘሁትልህ። የሚያለቅስ ሕፃን ብቻ ነው የጎደለኝ፤ ለማልቀሱም እኔው ነበርኩ።

ጉልበቶቼ ይደርቁ ጀመር። ጠዋት ጠዋት በስርቆሽ ላጥፋቸው ስል እንደ ዛገ ማጠፊያ እምቢ ይላሉ። በዚህ መሀል ከቢቸና ወሬ መጣ። የቀበሌያችን ሊቀ መንበር በስብሰባ ላይ፣ ባልየው የሞተበት፣ ሴትዮዋም ሞጣ የገባችበት ቤት ተዘግቶ ከሚቀመጥ ለኅብረት ሱቅ ይሁን ብሏል አሉ። ክረምት ሳይገባ ካልተመለስኩ ይወስዱታል። ያንን አንተ ጭቃውን ረግጠህ የመረግከውን ቤት። እትዬ አትጠገብ ይህን ሲሰሙ «ይውሰዱታ፤ አንቺ እንደሆነ እኔ ዘንድ ነሽ» አሉ። ጉልበቴ ደርቆ ከቀረ ቤቴም መቃብርህም ቢቸና፣ እኔ ደግሞ ሞጣ አልጋ ላይ እንደምቀር ግን ያኔ በደንብ ገባኝ።

ታላቅን ደፍሮ መጣላት አላደግንበትም። ምን ይሻለኛል እያልኩ ስብሰለሰል አንድ ቀን የሰፈሩ ሽማግሌ ሊጠይቁኝ ገቡ። ሰው ሲገባ ምን እንደሚደረግ ታውቃለህ። ሳላስበው አልጋውን ይዤ ብድግ አልኩና «ኖር» አልኩ። እሳቸውም «በእግዜር፣ በእግዜር፤ አረፍ በይ ልጄ» አሉኝ። እትዬ አትጠገብ ሊከለክሉኝ እጃቸውን ዘርግተው ነበር፤ መልሰው ሰበሰቡት። ምን ይበሉኝ? ለሽማግሌ አትነሺ ይበሉኝ? ያውም በሰው ፊት፣ ያውም ጎጃም ውስጥ? ጉልበቴ እንደ እሳት እየለበለበኝ በሆዴ ሳቅሁ። መድኃኒቴ በገዛ እግሩ በበሩ ይገባ ነበር።

ትዝ ይልሃል፣ አንተ በረንዳው ላይ ልብስ ስትሰፋ ውለህ ስትገባ እንኳ ብድግ ስልህ ትቆጣኝ ነበር። ለባል ኖር ምን ያደርጋል፣ ይልቅ ለጉልበትሽ እዘኚለት ትለኛለህ። እኔም እምቢ እልሃለሁ፤ በማግስቱም እነሣለሁ። አንተ እልኸኝነት ያልከው እሱ ነው በስተኋላ የደረሰልኝ።

ሞጣ ደግሞ በሽተኛ መጠየቅ ያውቅበታል። ብረት ጉልበት የገባላትን ሴት ለማየት ያልመጣ የለም። እንቁላልም ብርቱካንም ይዞ «እግዜር ይማርሽ» እያለ የሚገባው ሁሉ ሳያውቀው ያለማምደኝ ጀመር። ለቄሱ ብድግ፣ ለባልቴቷ ብድግ፣ ለጎረምሳውም ብድግ። «ኧረ በማርያም አይነሡ» ሲሉኝ «የማልነሣው የሞትኩ ዕለት ነው» እላለሁ። አልዋሽህም፣ ቁስሉ የሚተረተር እየመሰለኝ ጥርሴን ነክሼ የተነሣሁበት ቀን ብዙ ነው። እንባዬም መጥቷል። «ኖር» ስል ግን ድምፄን አላንቀጠቅጠውም።

ነገሩ መጀመሪያ የገባት ጎረቤታቸው ዘይነባ ናት፤ ጨርቅ የምትነግደዋ። ገብታ ስነሣላት ፊቴን ልብ ብላ አየችውና ፈገግ አለች። ሻሼን ረሳሁ ብላ ወጣች፤ ተመልሳ ገባች፤ ብድግ አልኩ። ደግሞ ሱቁን ልየው ብላ ወጣች፤ ደግሞ ገባች። እትዬ አትጠገብ ይቺን ሴት ዛሬ ምን ነካት አሉ። ከዚያ ወዲያ ሱቋን ስትከፍትም ስትዘጋም እኛ ዘንድ ሳትገባ አታልፍም። አንድ ቀን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣ እኔ ጉልበቴን ያቆየሁት በየሰላቱ እያጠፍኩት ነው፤ አንቺም እጠፊው፣ አይዞሽ፣ እኔ መግባት አይደክመኝም አለችኝ። ዘመድ ያሰረኝን ጎረቤት ፈታኝ። አላህ ዕድሜ ይስጣት።

አሁን የምነግርህን ግን ተቀምጠህ ስማ። አንድ እሑድ እትዬ አትጠገብ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ብቻዬን ነበርኩ። በሩን ሲከፍቱ አልጋውን ሳልይዝ፣ ምርኩዙን ሳልነካ፣ ቀጥ ብዬ ቆምኩና «ኖር እትዬ» አልኳቸው። ነጠላቸውን እንዳጣፉ ደጃፉ ላይ ቀሩ። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ መደቡ ላይ ቁጭ ብለው አለቀሱ። ለካስ ነገሩ ሌላ ኖሯል። በመጨረሻው ሕመምህ ተኝተህ ሳለ፣ ቀና በል፣ ፀሐይ ይንካህ ብለው ደግፈው ያስነሡህ እሳቸው ነበሩ። በማግስቱ አረፍክ። «ወንድሜን በማንሣቴ ገደልኩት፤ አንቺን ደግሞ አልገድልም ብዬ ነው» አሉኝ። አያሌው፣ ይህን ሁሉ ጊዜ ይህን በሆዳቸው ተሸክመው ለእኔ ገንፎ ያገነፋሉ። ያስነሡህ ዕለት ደጅ ወጥተህ ፀሐይ ላይ ስቀሃል፣ በጽሕፈቴም ቀልደሃል፣ በሕመምህ ከዚያ ቀን በቀር መልካም ቀን አልነበረህም አልኳቸው፤ እውነት ነውና። አምነውኝ እንደሆነ እንጃ። በማግስቱ ግን እግሬን የጠቀለሉበትን ጋቢ ራሳቸው አጣጥፈው ሣጥን ውስጥ ከተቱት፤ የቤቱንም በር ለጠያቂ ወለል አድርገው ይከፍቱት ጀመር።

ግንቦት ላይ አብረውኝ መጡ። ቢቸና ስንወርድ በቅሎ ሊያስመጡ ነበር፤ አይሆንም አልኩ። ምርኩዜን ይዤ በገበያው መሀል፣ በእህል ተራ በኩል ሄድኩ። ሴቶቹ ቁናቸውን ጥለው እያገላበጡ ሳሙኝ። ቀበሌው በራፍ ላይ ሊቀ መንበሩ ወንበር አስወጥቶ ሰው ያናግራል። ሄጄ ፊቱ ቆምኩ። ቀና ብሎ ሲያየኝ ሳያስበው ብድግ አለና «ኖር» ብሎኝ አረፈው። ካድሬ ሲመጣ እንኳ ወንበሩን የሚያቅፈው ሰውዬ። የእናቱ ልጅ ነዋ፤ ወግ ከስብሰባ በፊት ነው የገባበት። «በእግዜር፣ ጓድ ሊቀ መንበር፤ ቤቴን ልከፍት መጣሁ» አልኩት። ከዚያ ወዲህ ስለ ሱቅ ያነሣብኝ የለም፤ ቢያነሣም አለሁለት።

ቤቱ እንዴት እንደሆነ ልንገርህ። ጓሮ በኩል ያለው ቆርቆሮ ያፈስ ነበር፣ አሠርቼዋለሁ። ግድግዳውን ምስጥ ጀምሮት ነበር፣ አስመርጌዋለሁ። የስፌት መኪናህ እንደተሸፈነ ነው፤ ስጪን ያሉኝ አሉ፣ አልሰጥም። ዝቅ ያለ መቀመጫ ስለተከለከልኩ የምቀመጠው ያንተ የስፌት ወንበር ላይ ነው፤ ለካ መንገደኛውን ሁሉ ስታይ ነበር የምትውለው። እህል ተራም ተመልሻለሁ። ቁናውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ቆሜ እሰፍራለሁ። እንደ ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ሆነች ብለው ይሥቁብኛል። ይሣቁ።

ትናንት ወደ አንተ መጣሁ። ዳገቱን እያረፍኩ ወጣሁት፤ ደግፉኝ ያልኩት ሰው የለም፣ በቅሎም አልነበረም። ሰው መቃብር ላይ ሲደርስ ይንበረከካል፤ እኔ ከእንግዲህ አልችልም። የንስሐ አባታችንን ብጠይቃቸው የቆመም ጸሎት ጸሎት ነው ብለውኛል። ስለዚህ ራስጌህ ቆምኩ። የመጣሁት እኔ ነኝና በወጉ መነሣቱ ያንተ ተራ ነበር።

እንግዲህ ቃሌ ይህ ነው። እግሬ እስከቻለ ድረስ በራችን በተከፈተ ቁጥር፣ የሚገባው ማንም ይሁን ማን፣ ብድግ የምለው አንተ የገባህ ያህል እያሰብኩ ነው። ትናንትም ራስጌህ ቆሜ ይህንኑ ነገርኩህ። ዝም ብለህ ተኝተሃል። ሞጣ አልጋ ላይ ሳለሁ ሰው ሁሉ ሲለኝ እምቢ ያልኩትን ቃል እኔው መልሼ ለአንተ አልኩህ። በእግዜር፣ አያሌው፤ አትነሣ። አንተ ተኛ፣ እኔ ቆሜያለሁ።

ሚስትህ፣ የሺመቤት